ጥቆማ፦ ስለላና ፍቅር ያለባቸው የጦርነት ልብ ወለዶች፣ የትኛው ውስጡ እህል አለው?

ጥያቄ

ስለላም ፍቅርም ያለበት ታሪካዊ ልብ ወለድ ጠቁሙን፤ በተለይ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ላይ። ሽፋኑ ሁሉ አንድ ነው፦ ጀርባዋን ሰጥታ የቆመች ሴት፣ ከራሷ በላይ ሁለት አውሮፕላን። ሁሉም "በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ" ይላል። ሳይገዙ መለየት ይቻላል? ደግሞስ በወረቀት ይሻላል፣ በኪንድል ወይስ በድምፅ? እንግሊዝኛው ባይከብድ ይመረጣል።

ጥቆማ 1

ከመጽሐፍ ስም በፊት መፈተኛው ይቅደም። ሬዲዮው ያለበትን ምዕራፍ ፈልጋችሁ ሦስት ገጽ ብቻ አንብቡ። እንግሊዝ ወደ ፈረንሳይ የምትልከው የስለላ መረብ በተለምዶ ሦስት ሰው ይዞ ይነሣል፦ አደራጅ፣ መልእክተኛና የሬዲዮ ኦፕሬተር። የዚህ ዘርፍ ደራሲ ዕውቀቱ የሚገለጠው በኦፕሬተሯ ሥራ ላይ ነው።

የሻንጣው ሬዲዮ ወደ 15 ኪሎ ይመዝናል። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች የምትወጣ ጀግና ካገኛችሁ ደራሲው ዕቃውን አያውቀውም። የሚያውቀው ደራሲ ክብደቱን ለታሪኩ ያውለዋል፤ ባቡር ጣቢያ ላይ ጨዋ የጀርመን ወታደር "ሻንጣውን ላግዝሽ" ቢላት ምን ትበል? አንቴናው ወደ 20 ሜትር የሚዘረጋ ሽቦ ነው፤ ስለዚህ ቤቱ ሰገነት ወይም ጓሮ ይኑረው። ሞገዱን የሚወስነው ጥፍር የምታህል ክሪስታል ናት፤ እሷ ከተሰበረች ሬዲዮው ተራ ሣጥን ነው። ጀርመኖቹ አቅጣጫ ጠቋሚ በጫኑ መኪኖች ይዞራሉ፤ ሰፈሩን ካጠበቡ በኋላ መብራት በየመንደሩ እያጠፉ ድምፁ የት ላይ እንደተቋረጠ ያያሉ። ባትሪ የያዘች ኦፕሬተር ለምን እንደያዘች የሚነግራችሁ መጽሐፍ ጥሩ ነው። ከአንድ ቤት ለሰዓታት እያስተላለፈች ማንም የማይደርስባት ከሆነ ግን መልሳችሁ ከመደርደሪያው ላይ አድርጉት።

ሁለተኛው መፈተኛ ምስጢራዊ ጽሑፉ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወኪሏ በቃሏ የያዘችው ግጥም ቁልፏ ነበር። ከግጥሙ አምስት ቃል ትመርጣለች፤ ለቃላቱ ፊደላት በፊደል ተራ ቁጥር ትሰጣለች፤ መልእክቱን ከቁጥሮቹ ሥር በረድፍ በረድፍ ትጽፋለች፤ ከዚያ ዓምዶቹን በቁጥራቸው ቅደም ተከተል ታወጣለች። ይህንኑ ሁለተኛ ጊዜ ትደግመዋለች። አንዲት ፊደል ከተዘለለች ለንደን የሚደርሰው ትርጉም የለሽ የፊደል ክምር ነው። ትልቁ ቀዳዳ ግን ይህ አይደለም፦ ግጥሙ ታዋቂ ከሆነ ጠላት ሊገምተው ይችላል፤ ወኪሏ ተሠቃይታ ግጥሙን ከተናገረች ደግሞ ያለፉት መልእክቶቿ ሁሉ ይከፈታሉ። የኮዱ ኃላፊ ሊዮ ማርክስ በዚህ ምክንያት መጀመሪያ ማንም የማያውቃቸውን ግጥሞች ራሱ መጻፍ ጀመረ፤ ቀጥሎ ቁልፎቹን በሐር ጨርቅ አሳተመ። ሐር ልብስ ስፌት ውስጥ ሲደበቅ በፍተሻ ጊዜ አይንኮሻኮሽም፤ የተሠራበት ቁልፍ ደግሞ ተቆርጦ ይቃጠላል። ፈረንሳይ ለተላከችው ወኪል ለቪዮሌት ሳቦ የሰጣት ግጥም ለሞተችበት ፍቅረኛው የጻፈው ነበር። ፍቅርና ስለላ በአንድ ወረቀት ላይ ማለት ይኼ ነው።

ሦስተኛ፣ የደኅንነት ምልክቱን እዩ። ወኪሉ በስምምነት የሚያስገባው ሆን ተብሎ የተሠራ ስሕተት ነው፤ ስሕተቱ ከሌለ "ተይዣለሁ" ማለት ነው። በኔዘርላንድ በ1942 የተያዘ ኦፕሬተር ምልክቱን እየተወ ላከ፤ ለንደን ልብ አላለችውም። ከ50 የሚበልጡ ወኪሎች ተራ በተራ በፓራሹት ወርደው ጠላት እጅ ገቡ። በልብ ወለድ ውስጥ አለቆች ሁሉ ጠቢብ ከሆኑ ተጠራጠሩ።

ጥቆማ 2

መፈተኛው ደኅና ነው፤ ስም ግን ይጠራ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንግሊዝኛው ቀሎ ልብ የሚያንጠለጥል ለሚፈልግ የኬን ፎሌት "አይ ኦቭ ዘ ኒድል" 1978። ሰላዩ ጀርመናዊ ነው፤ ያወቀው ነገር ደግሞ ጦርነቱን የሚያስቀይር ነው፦ ከፈረንሳይዋ ወደብ ከካሌ ትይዩ የተከማቸ የመሰለው ሠራዊት የእንጨትና የጨርቅ አሻንጉሊት ነው። ይህ ማታለያ በእውነትም የተደረገ ነው። መጨረሻው አንዲት ደሴት ላይ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ይቀራል። ዓረፍተ ነገሩ አጭር፣ ምዕራፉም አጭር ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ እንግሊዝ አገር መጀመሪያ የወጣው "ስቶርም አይላንድ" በሚል ርዕስ ነው። ሌላ መጽሐፍ መስሏችሁ ሁለቴ እንዳትገዙ።

የክሪስቲን ሃና "ዘ ናይቲንጌል" 2015 በብዛት የሚጠቆመው ነው። ሁለት እህትማማቾች፤ አንዷ ቤቷ የጀርመን መኮንን ተመድቦባታል፣ ሌላዋ የወደቁ አብራሪዎችን በፒሬኔ ተራራ ወደ ስፔን ታሻግራለች። ሁለተኛዋ የተቀዳችው ከቤልጅጓ አንድሬ ደ ዮንግ ሥራ ነው፤ ሴትዮዋ ከመቶ በላይ ሰው በእግር አሻግራለች። መጽሐፉ ያስለቅሳል፤ አንዳንዴም ሳያስፈልግ ለማስለቀስ ይሞክራል። የስለላ አሠራር ፈልጎ የሚገባ ሰው ባዶ እጁን ይወጣል። ስለ ረሃብ፣ ስለ ሰልፍና ስለ ጎረቤት ፍርሃት ግን ጠንካራ ነው።

የኬት ክዊን "ዘ አሊስ ኔትወርክ" 2017 የአንደኛውን ጦርነት ስለላ ይዞ መጣ፤ ይህ ብቻውን ብርቅ ነው። መረቡ በእውን የነበረ ሲሆን መሪዋ ሉዊዝ ደ ቤቲኚ በ1915 ተይዛ በ1918 ኮሎኝ ውስጥ በእስር ሞታለች። ታሪኩ በ1915 እና በ1947 መካከል ይመላለሳል። የ1915ቱ ግማሽ ግሩም ነው፤ የ1947ቱ ለመንገድ ማሳጠሪያ የተጨመረ ይመስላል።

በጥራት ከሁሉ በላይ የማስቀምጠው የኤልዛቤት ዌንን "ኮድ ኔም ቬሪቲ" ነው፤ 2012። የተያዘች ሰላይ ለጌስታፖ፣ ለናዚዎቹ ምስጢራዊ ፖሊስ፣ የእምነት ቃሏን ትጽፋለች፤ በሆቴል ወረቀት፣ በሐኪም ማዘዣ፣ በምግብ አሠራር ካርድ ጀርባ፣ እጅ የገባው ሁሉ ላይ። የተያዘችው መንገድ ስታቋርጥ ወደተሳሳተው አቅጣጫ ስላየች ነው፤ እንግሊዝ መኪናው በግራ ነው የሚሄደው። ወጥመዱ ይህን ያህል ትንሽ ነው። ፍቅሩ የወንድና የሴት አይደለም፣ የሁለት ጓደኛሞች ነው። ለወጣቶች የታተመ ቢሆንም እንግሊዝኛው በአውሮፕላን ቃላትና በስኮትላንድ አነጋገር የታጨቀ ስለሆነ በመጀመሪያው 50 ገጽ አትደንግጡ።

ጥቆማ 3

ከላይ ያለው ዝርዝር ስለ ድፍረት ጥሩ ነው፤ ስለ ፍቅር ግን ደካማ ነው። በስለላ ልብ ወለድ ውስጥ ፍቅር የእረፍት ምዕራፍ ከሆነ አልሠራም። የሚሠራው አንዱ ለሌላው መናገር የማይችለው ነገር ሲኖር ነው።

ለዚህ የኤልዛቤት ቦወን "ዘ ሂት ኦቭ ዘ ዴይ" አለ፤ ጦርነቱ ካበቃ ብዙም ሳይቆይ የወጣ። ለንደን በቦምብ ስትደበደብ፣ አንድ ሰው መጥቶ ለሴትዮዋ "የምትወጂው ሰው ለጠላት ይሰልላል" ይላታል፤ ዝም እንዲል ደግሞ ዋጋ ይጠይቃታል። ተኩስ የለም፤ ፍርሃቱ ግን አጥንት ይሰብራል። ቋንቋው ከባድ ነው፤ እንግሊዝኛ ለመልመድ አይሆንም።

መካከለኛውን የሚፈልግ የሮበርት ሃሪስን "ኢኒግማ" 1995 ይያዝ። በ1943 የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች መልእክት በድንገት አልነበብ ይላል፤ የሒሳብ ሰውየው ኮዱንም የጠፋችውን ሴትም አብሮ ይፈልጋል። የኮድ አሰባበሩን እንደዚህ አፍታቶ የሚያስረዳ ልብ ወለድ ጥቂት ነው።

ፍቅር ራሱ የስለላ መሣሪያ ሲሆን ማየት ከፈለጋችሁ ግን ልብ ወለዱን ተዉትና ኦፕሬሽን ሚንስሚት የተባለውን የማታለያ ዘመቻ እውነተኛ ታሪክ አንብቡ። በሚያዝያ 1943 እንግሊዞች አንድ አስከሬን የመኮንን ልብስ አልብሰው፣ የሐሰት የጦር ዕቅድ አስይዘው በስፔን ባሕር ዳርቻ ለቀቁት። ሰውዬው እውነተኛ እንዲመስል ኪሱ ውስጥ የከተቱት ምን ነበር? የእጮኛው ፎቶ፣ የቀለበት ደረሰኝ፣ ሁለት የፍቅር ደብዳቤ። ፎቶዋ የስለላ መሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ፎቶ ነው። ደብዳቤዎቹን ደጋግመው አጥፈው ዘረጓቸው፤ አፍቃሪ ሰው ደብዳቤ አንድ ጊዜ አንብቦ አያስቀምጥማ።

ጥቆማ 4

በምን መልክ ይነበብ ለሚለው።

የዚህ ዘርፍ ልዩ ችግር ስም ነው። አንድ ወኪል የራሱ ስም፣ የኮድ ስምና የሐሰት መታወቂያ ስም አለው። በእውኑም እንደዚያ ነበር፦ በሰኔ 1943 ፈረንሳይ የገባችው ኦፕሬተር ኑር ኢናያት ካን በመረቡ "ማድሌን"፣ በመታወቂያዋ ዣን ማሪ ነበረች። በድምፅ ስትሰሙ ሦስቱ ስሞች ሦስት ሰው ይመስሏችኋል፤ ወደ ኋላ መመለሱም አድካሚ ነው። ስለዚህ በድምፅ የሚሆነው ተራኪው አንድ፣ ዘመኑም አንድ የሆነ መጽሐፍ ነው፤ "አይ ኦቭ ዘ ኒድል" ይሆናል። በሁለት ዘመን የሚመላለሱት፣ በምዕራፉ ራስ ላይ ቦታና ቀን የተጻፈባቸው፣ በድምፅ ይምታታሉ፤ ቀኑ አንዴ ካመለጠ ምዕራፉ ሁሉ አመለጠ። "ኢኒግማ" ደግሞ የፊደል ረድፍ ለዓይን የሚያሳይ ነውና በድምፅ አይሞከር። ባለ 400 ገጽ ልብ ወለድ ሳይቆረጥ ሲተረክ 13 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። አራት ሰዓት ተብሎ ከተጻፈ ያጠረ ቅጂ ነው።

ኪንድል ለስሙ ችግር መፍትሔ አለው፤ ስሙን ተጭናችሁ ስትፈልጉ መጀመሪያ የታየበት ገጽ ይመጣል፤ አንዳንዱ መጽሐፍ ላይ "ኤክስ ሬይ" የሚባለው ገጸ ባሕሪያቱን ዘርዝሮ ያሳያል። መዝገበ ቃላቱም አብሮ ስላለ እንግሊዝኛ ለሚከብደው የመጀመሪያው ምርጫ ይህ ነው። የሚያቅተው ካርታ ነው፤ በትንሹ ግራጫ ስክሪን ላይ የካርታው ጽሑፍ አይነበብም። የፒሬኔ መንገድ ወይም የኖርማንዲ ዳርቻ ካርታ ያለው መጽሐፍ ከሆነ ወረቀቱን ምረጡ፤ አለዚያ ካርታውን በስልክ ከጎን ክፈቱ።

ነፃ ለሚፈልግ የቆዩትን ከፕሮጀክት ጉተንበርግ ወይም ከስታንዳርድ ኢቡክስ ያውርድ፤ ጽሑፉ አንድ ሲሆን የሁለተኛው አቀማመጥ ለዓይን ይስማማል። የጆን ባካን "ዘ ሰርቲ ናይን ስቴፕስ" 1915 እዚያ አለ፤ የዘርፉ አያት ነው፣ በሁለት ቀን ያልቃል። ፍቅር ግን አትጠብቁ፤ ሴቲቱን የጨመረው የ1935ቱ ፊልም ነው። ሊብሪቮክስ በድምፅ በነፃ ይሰጣል፤ አንባቢዎቹ በጎ ፈቃደኞች ስለሆኑ የአንዱ ጥሩ፣ የሌላው እንቅልፍ ያመጣል። ከማውረዳችሁ በፊት የአምስተኛውን ምዕራፍ ናሙና ስሙ እንጂ በመጀመሪያው አትታለሉ፤ አንባቢው መሀል ላይ ሊቀየር ይችላል።

ጥቆማ 5

የእኛውስ? የበዓሉ ግርማ "ኦሮማይ" በእኛ አቆጣጠር በ1975 ዓ.ም. የወጣ የስለላ ልብ ወለድ ነው፤ ሰው ፖለቲካውን እያነሣ ይህን ይረሳል። አሥመራ፣ የቀይ ኮከብ ዘመቻ፣ ከተማው ውስጥ የተሰገሰጉ ሰላዮች፣ ጋዜጠኛው ፀጋዬና ፊያሜታ። ከላይ የተባለው የፍቅር መፈተኛ እዚህ በሚገባ ይሠራል፤ ፍቅራቸው የሚኖረው ማን ለማን እንደሚሠራ በማይታወቅበት ከተማ ውስጥ ነው። መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. እንደወጣ ቀረ። በ2025 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በእንግሊዝኛ ተተርጉሟል፤ አማርኛ ማንበብ የሚችል ግን የንግግሩ ለዛ ያለው በዋናው ነው።

በጣሊያን ወረራ ላይ የማዛ መንግስቴ "ዘ ሻዶው ኪንግ" 2019 አለ፤ ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩ ነበር። ሒሩት የምትባል አገልጋይ ጦር ሜዳ ትወጣለች፤ ንጉሡን የሚመስል ሰው እንደ ንጉሥ ሆኖ ለሕዝብ ይታያል። ማታለል የጦር መሣሪያ ሲሆን ይኸው። ንግግሮቹ ያለ ትእምርተ ጥቅስ ስለተጻፉ ማን እንደተናገረ ለመለየት ቀስ ብሎ ማንበብ ይጠይቃል። በድምፅም አይመከርም።

ጠያቂው

በአንድ ብቻ ልጀምር ብል?

መልስ

እንግሊዝኛው የሚያሳስብ ከሆነ "አይ ኦቭ ዘ ኒድል" በኪንድል። ካላሳሰበ "ኮድ ኔም ቬሪቲ" በወረቀት።

መልስ

በ"ቬሪቲ" እስማማለሁ፤ ግን የደራሲዋን ማስታወሻ ቀድማችሁ አታንብቡ፤ መጨረሻውን ያወጣባችኋል። ሁለተኛው ክፍል ስትደርሱ ደግሞ ወደ መጀመሪያው ተመለሱ፤ ልጅቷ ለጌስታፖ ከጻፈችው ውስጥ የትኛው እውነት፣ የትኛው ውሸት እንደነበረ የሚገባችሁ ያኔ ነው።