ሃይሉክስ ቪጎ ላይ 285/75አር16 ጎማ መኪናው ሳይነሳ (ከፍ ሳይደረግ) ይገባል?

ቪጎ_ደብል፦
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው ሃይሉክስ ቪጎ ደብል ጋቢና ነው፣ 2012 ሞዴል፣ 3.0 ናፍጣ፣ ማንዋል። አሁን ያለው ጎማ 265/70አር16 ነው (ስፋቱ 265 ሚሜ፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 70 በመቶ፣ የሚገባበት ቸርኬ ባለ 16)፣ ቸርኬው ፋብሪካው የሰጠው፣ ስፋቱ 7 ኢንች። ግማሹ ጉዞ አስፋልት ነው፤ የቀረው ጂንካና ቱርሚ አካባቢ ኮረኮንች፣ ክረምት ሲገባ ዋልካ፣ በጋ ላይ ደግሞ አፋር። ከኋላ ብዙ ጊዜ ከ400 እስከ 500 ኪሎ ይጫናል። 285/75አር16 ኤምቲ (የጭቃ ጎማ) ልገዛ ነው። ጎማ ሻጩ «ዝም ብሎ ይገባል» ይላል፣ መካኒኩ «ሳይነሳ አይሆንም» ይላል። የማንን ልስማ? አብሮ የሚቀየር ነገርስ አለ?

ጎሚስታው፦
ሻጩ የሚያየው መሪው ቀጥ ብሎ መኪናው ቆሞ ነው። እንደዚያ ከሆነ እውነቱን ነው፣ ይገባል። መሪው እስከ መጨረሻ ሲዞርና አንዱ እግር ጉድጓድ ሲገባ ግን የመካኒኩ ነገር ይመጣል።

ያንተ ጎማ ቁመቱ 777 ሚሜ ነው፣ 285/75 ደግሞ 834። የ57 ሚሜ ልዩነት አለ፣ መኪናውን ከመሬት የሚያነሳው ግን ግማሹ፣ 28 ሚሜ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ ወደ ላይ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የፓራፋንጎውን (የጎማ ሽፋኑን) ቦታ ይበላል። ቪጎ ላይ መጀመሪያ የሚነካው ከፊት ጎማ ጀርባ ያለው ነው፦ የጭቃ መከላከያው፣ የውስጥ ፕላስቲኩ፣ ቀጥሎ ከፕላስቲኩ ጀርባ ያለው የቆርቆሮ መጋጠሚያ ከንፈር። በውስጥ በኩል ደግሞ መሪው ሲያልቅ ሻንሲውን ሊያሽ ይችላል።

ሻጩ ያልነገረህ ሌላም አለ። 285/75አር16 የሚፈልገው የቸርኬ ስፋት ከ7.5 እስከ 9 ኢንች ነው። 7 ኢንች ላይ በግድ ብታስገባው መሃሉ ያብጥና ጥርሱ ከመሃል ብቻ ያልቃል፣ ኩርባ ላይም ጎኑ ይዋልላል። ስለዚህ የጎማ ብቻ ሳይሆን የአምስት ቸርኬ ወጪ ነው። 8 ኢንች ስትገዛ ባለ 6 ብሎን፣ የብሎኖቹ ክብ 139.7 ሚሜ፣ የመሃል ቀዳዳው 106.1 ሚሜ መሆኑን በካሊፐር አስለካ። ቀዳዳው ከሰፋ ቸርኬው በብሎኖቹ ብቻ ይያዛል፤ ባላንስ ቢሠራለትም መሪው ይንቀጠቀጣል።

ኦፍሴት (የቸርኬው መግጠሚያ ከስፋቱ መሃል በስንት ሚሜ እንደራቀ) ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የፋብሪካው 30 ነው። ወደ 0 ከወረድክ ጎማው 30 ሚሜ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ሻንሲውን መንካቱ ይቀራል፣ ነገር ግን ሲዞር የሚጠርገው ክብ ስለሚሰፋ ከፊት ፓራውልቱን (የፊት መከላከያውን)፣ ከኋላ ከንፈሩን የባሰ ይመታል። ኩሽኔታና ቴስቲናም (የእግሩ መገጣጠሚያ) ቶሎ ያልቃሉ። ከ15 እስከ 20 ያለው ይሻላል።

ማንሳቱን በተመለከተ፣ ፊት ለፊት ከ40 እስከ 50 ሚሜ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሄድክ የሲቪ ጆይንቱ (ኃይል ወደ ፊት ጎማ የሚያደርሰው መገጣጠሚያ) ማዕዘን ይከፋል፣ ላስቲኩ ይቀደዳል፣ አሸዋ ይገባል፣ አለቀ። ሞላው አናት ላይ የሚገባው ወፍራም ቀለበት ርካሽ ነው፤ 20 ሚሜ ቀለበት መኪናውን ወደ 40 ሚሜ ያነሳል። ሆኖም እግሩ ወደ ታች የሚወርድበትን ርቀት ይቀንሳል። ለጭነት መኪና ጠንካራ ሞላ ከነአሞርዛተሩ ይቀየር። ኋላውን አንድ የባሌስትራ ቅጠል ጨምርበት።

ከተነሳ በኋላ አላይመንት ግዴታ ነው። ሠራተኛውን «ካስተሩን የቻልከውን ያህል ወደ ፖዘቲቭ ስጠው» በለው። ሲነሳ ካስተር (ጎማው የሚዞርበት ዘንግ ወደ ኋላ ያለው ዘንበል) ስለሚቀንስ መሪው ከኩርባ በኋላ በራሱ አይመለስም። ካስተር ሲጨመር ደግሞ ጎማው ትንሽ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ለጀርባው ከንፈር ቦታ ይለቃል።

ሰመራ_ድረስ፦
ጎሚስታው ያለው ሁሉ ልክ ነው፤ እኔ ግን ለዚህ መኪና 285ን ከመጀመሪያው አልመርጥም። 265/75አር16 ኤልቲ (ለጭነት የተጠናከረ) ኤቲ (ለአስፋልትም ለኮረኮንችም የሚሆን) ግዛ። ቁመቱ 804 ሚሜ ነው፣ 13 ሚሜ ያነሳሃል፣ 7 ኢንች ቸርኬህ ይበቃዋል፣ ስፋቱ ያው ነው። ቢበዛ የጭቃ መከላከያው ጠርዝ ይቆረጣል።

ዋናው ምክንያት ጭነትህና ዳገቱ ነው። በ285 አጠቃላይ ጉተናህ 7 በመቶ ይላላል፤ የዲፍረንሻሉ ጥምርታ 4.1 የሆነ መኪና 3.82 እንደገባለት ይሆናል። በ265/75 ግን 3.4 በመቶ ብቻ ነው። ሰው ዳገቱን ብቻ ያስባል፤ አባይ በረሃን ከ500 ኪሎ ጋር ስትወርድ የሞተር ፍሬኑም በዚያው ልክ ይላላል። ኤልቲ 285 አንዱ ጎማ ብቻውን 25 ኪሎ አካባቢ ስለሚመዝን ያንን ሁሉ የሚያቆመው ፍሬኑ ነው። ፍጥነት መቁጠሪያውም 100 ሲል በእውነት 107 ትሄዳለህ። በ265/75 ግን ቆጣሪው ከፋብሪካ ትንሽ አብዝቶ ስለሚያሳይ እንዲያውም ወደ እውነቱ ይጠጋል፣ በስልክ ጂፒኤስ አመሳክር።

ኤምቲውንም ተወው። ዋልካ ላይ ብቻ ከሆነ ኤምቲ ይሻላል፣ ጥርሱ ሰፊ ስለሆነ ጭቃውን ይተፋል። እርጥብ አስፋልት ላይ ግን ይንሸራተታል፣ ይጮሃል። አፋር ላይ የሚያስፈልግህ ጥርስ ሳይሆን ጎን ነው፤ የኤርታሌ መንገድ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጎማ የሚቀደው ከጎኑ ነው። ጎኑ ባለ 3 ሽፋን የሆነ ምረጥ። ስትገዛ ጎኑ ላይ ያለውን ባለ 4 አሃዝ ቁጥር አንብብ፦ 2319 ማለት የ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት ማለት ነው። መጋዘን ውስጥ ስድስትና ሰባት ዓመት የከረመ ጎማ «አዲስ» ተብሎ ይሸጣል።

አምስቱንም አንድ ዓይነት አድርግ። ቪጎ ፎር ዊሉ ሲገባ ፊትና ኋላው አብሮ ስለሚታሰር፣ ስኮርቱ አሮጌው 265/70 ከሆነና ከቀየርከው ማርሹ ተወጥሮ አልወጣም ይላል። ስኮርቱ ከስር፣ ቦታው ላይ መግባቱንም ከመክፈልህ በፊት ሞክር።

ቪጎ_ደብል፦
አመሰግናለሁ፣ ወደ 265/75 እያዘነበልኩ ነው። ሁለት ነገር ቀረኝ። መንካት አለመንካቱን ራሴ እንዴት ላረጋግጥ? ንፋሱስ ስንት ይሁን?

ጎሚስታው፦
የጎማውን ትከሻ ዙሪያውን በጠመኔ ቀባው። መሪውን እስከ መጨረሻ አዙረህ ቀስ ብለህ ወደ ፊት፣ ከዚያ ወደ ኋላ ሂድ፤ በሌላውም በኩል ድገመው። ወደ ኋላ ሲሄድ ቡሽዎቹ (የእግሩ መገጣጠሚያ ላስቲኮች) ስለሚሳቡ ፊት ያልነካው እዚያ ይነካል። ከዚያ አንዱን የፊት ጎማ ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ አውጣና ጭነቱ እንዳለ አዙረው። ጠመኔው የለቀቀበት ቦታ ነው የሚነካው። ፕላስቲክ ከሆነ በሙቅ አየር አለስልሰህ ወደ ኋላ ግፋው። ቆርቆሮ ከሆነ ከንፈሩን በመዶሻ አስተኛው፤ የተላጠውን የዚያኑ ቀን ፀረ ዝገት ቀባው፣ አለበለዚያ በክረምቱ ይበላል።

ሰመራ_ድረስ፦
ንፋስ፦ ኤልቲ ጎማ ያንኑ ክብደት ለመሸከም በሩ ላይ ከተለጠፈው በላይ ይፈልጋል። ከፊት 35፣ ከኋላ ሲጫን 42 ፒኤስአይ ይዘህ ጀምር፣ በቀዝቃዛው። አስፋልት ላይ ግማሽ ሰዓት ነድተህ ለካ፤ ጭማሪው 6 አካባቢ ከሆነ ልክ ነው፣ ከዚያ ከበለጠ ንፋሱ ያንሳል፣ ጨምር። አሸዋ ላይ 18 ድረስ አውርድ፣ አስፋልት ሳትነካ መልሰህ ሙላ። ከአዲስ አበባ ወደ አፋር ስትወርድ ብዙ አትነካካው፤ ከፍታው ሲቀንስ መለኪያው 3 ፒኤስአይ ያህል ይወርዳል፣ ሙቀቱ ደግሞ ያንኑ ያህል ይመልሰዋል።

ዳዶዎቹን በመስቀል ቅደም ተከተል፣ በቶርክ ቁልፍ 105 ኒውተን ሜትር። በአየር ሽጉጥ አስጠርቀህ አትሂድ፣ መንገድ ላይ በእጅ አይፈታም። ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ አንዴ ድገመው።