በሙቀጫና በጀሪካን ድምፅ ቢት የሰራ ሰው አለ?

ሰላም ጓዶች፣ ጅማ ነው ያለሁት ሄርማታ አካባቢ። ሰሞኑን ቤት ውስጥ ያለውን ድምፅ ሁሉ በስልክ እየቀዳሁ ሙዚቃ ልሰራበት እየሞከርኩ ነው፣ ቡና ሲቆላ ሲወቀጥ፣ ሲኒ ሲጋጭ፣ ጀሪካን ውሃ ሲሞላ ምናምን። ችግሩ ጆሮዬ የሚሰማው ሌላ ስልኩ የሚቀዳው ሌላ። ሙቀጫው ሲመታ ወለሉ ድረስ ይሰማኛል፣ ኤፍኤል ስቱዲዮ ላይ (ኮምፒውተር ላይ ሙዚቃ ምሰራበት ፕሮግራም) ስከፍተው ግን ቀጭን ጧ ብቻ ነው፣ ከኋላው ደሞ ሹሹሹ የሚል አለ። ማይክ መግዣ ለጊዜው የለኝም። እና እኛ ጋ እንዲህ የሰራ ሰው አለ? ሳሰማቸው "ጫጫታ ነው" ይሉኛል፣ እኔ ግን በጣም ነው ምወደው።

መልስ፦
ሹሹታው ከስልኩ ነው ወንድሜ። ብዙ ስልክ ቤቱ ፀጥ ሲል ራሱ ድምፁን ከፍ ያረጋል፣ ዘነዘናው ሲያርፍ ደሞ ቶሎ ይጨቁነዋል፣ ምቱ ሚሞትብህ ለዛ ነው። ጌይኑን፣ ማለት ድምፁ ምን ያህል ጎልቶ እንደሚገባ፣ በእጅህ ምታስተካክልበት ሪከርደር አፕ አውርድ፣ አውቶውን አጥፋ፣ በዌቭ (ድምፁ ሳይጨመቅ ሚቀመጥበት ፋይል) ቅዳ፣ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አርገው። ለውፍረቱ ደሞ ያንኑ ድምፅ ኮፒ አርግና ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሰው፣ ድምፁ አንድ ኦክታቭ ወርዶ ይወፍራል ርዝመቱም እጥፍ ይሆናል፣ ከዋናው ስር ዝቅ አርገህ ደርበው። ጥገና ቤት ጎራ ካልክ ደሞ ከተበላሸ ማንቂያ ሰዓት ውስጥ ፒዞ ምትባል ቀጭን የብረት ክብ ለምናቸው፣ ሁለት ሽቦና ጃክ አስበይድላትና ሙቀጫው ገላ ላይ በፕላስተር ለጥፋት። እሷ አየሩን ሳይሆን የእንጨቱን ንዝረት ነው ምትሰማው፣ ጎረቤት ቢያወራም ግድ የላትም።

መልስ፦
ጫጫታ ላሉህ ሰዎች ይሄን ንገራቸው። ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር ፓሪስ ሬዲዮ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1948 በባቡር ድምፅ በድስት ድምፅ ሙዚቃ ሰርቶ አየር ላይ አውሏል፣ ብዙው ሰው ታሪኩን ከዛ ነው ሚጀምረው። ግን ከሱ በፊት በ1944 ግብፃዊው ሃሊም ኤል ዳብ ካይሮ ላይ ሽቦ ላይ ሚቀዳ መቅረጫ ይዞ የዛር ሥርዓት ቀድቷል፣ ቅጂውን ሬዲዮ ጣቢያ ወስዶ በኤኮ ምናምን እየቀያየረ ሌላ ነገር አረገው። ዛር ነው እንግዲህ፣ እኛም ምናውቀው! ሰውየው በኋላ አዲስ አበባ መጥቶ ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል፣ እ.ኤ.አ. በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ያቋቋመውም እሱ ነው፣ ክራር ማሲንቆ በገና ዋሽንት አንድ ላይ ያስቀመጠው። ስለዚ ከየት መጣ ካሉህ በእኛም ደጅ ያለፈ ነገር ነው። ከአሁኖቹ የኛ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሰሪዎች ደሞ ሚካኤል ሰይፉንና እንደገና ሙሉ ሚባለውን ስማ። ማትሞስ ሚባሉት አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ2016 ሙሉ አልበም ከአንድ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው ያወጡት።

መልስ፦
እኔ ምለምንህ አንድ ነገር ነው፣ ኳንታይዝ አታርገው፣ ማለት ምቶቹን ፕሮግራሙ ባሰመረው የጊዜ ፍርግርግ ላይ እኩል አታሰልፋቸው። ሁለት ሰው ሙቀጫ ላይ ተቀባብሎ ሲወቅጥ ራሱ ግሩቭ አለው፣ አንዷ ትንሽ ትዘገያለች ሌላዋ ትደርስባታለች፣ ፍርግርጉ ላይ ካሰለፍከው የማንም ሀገር ከበሮ ይሆናል። ቴምፖውን ለእነሱ አስተካክል እንጂ እነሱን ለቴምፖው አታስተካክል። ጀሪካኑን ደሞ በደንብ ስማው፣ ሲጀምር ወፍራም ነው ከዛ ውሃው በወጣ ቁጥር ከላይ የቀረው አየር እያጠረ ስለሚሄድ ድምፁ እየቀጠነ ይወጣል፣ አፉ ጋ ሲደርስ ይጮሃል። ሰው ቢቱ ከመግባቱ በፊት በሲንት (በኤሌክትሮኒክ ድምፅ መፍጠሪያ) ሚሰራው መወጣጫ እኮ እሱ ነው፣ ቧንቧህ ስር በነፃ አለልህ። ጀበና ሲኒ ላይ ሲቀዳም ያው ነው በትንሹ።

ጠያቂው፦
ኧረ እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም! ኤል ዳብን ፈፅሞ አላውቀውም ነበር። ጀሪካኑን ውሃ ሲመጣ እቀዳዋለሁ፣ ግን ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲጀምር ምንም መቅዳት አልችልም ምን ይሻላል?

መልስ፦
ዝናቡን ቅዳው ባክህ፣ የጅማ ዝናብ እኮ ነው! ኮርኒስ የሌለው ክፍል ግባ፣ ጌይኑን በጣም ቀንስ ካልሆነ ይሰነጠቃል፣ መጀመሪያ ጠብታ ጠብታ ሲል ጀምር። ስትለጥፍልን ደሞ ዌቩን ልቀቅ፣ ኤምፒስሪ አታርገው።