«ኩኩሉ አንተ ነህ» ሲባል ኩኩሉ ማን ነው?

ቀሐ ማዶ፦
ሰላም ቤቶች። አንዲት ዓረፍተ ነገር ቤታችንን ለሁለት ከፍላው ነው የመጣሁት። የእህቴ ልጅ ስልኬን ይዞ ያን ቅኔ ጌምስ ያወጣውን ኩኩሉ፣ ዶሮዋ ከገበሬው የምታመልጥበትን፣ ሲጫወት አመሸና ሲሰለቸው ስልኩን አቀብሎኝ «በቃ አሁን ኩኩሉ አንተ ነህ» አለኝ። እኔ የማውቀው ኩኩሉ የጨዋታው ስም ነው፣ ድብብቆሽ፣ ሰው ኩኩሉ ሲሆን ሰምቼ አላውቅም። እናቴ ቡና እየቆላች «ኩኩሉማ ዓይኑን የጨፈነው ነው» አለች። ልጁ ደግሞ «ኧረ ዶሮዋ ናት» ይላል። የቱ ነው ትክክል? ደግሞስ ኩኩሉ ነው ወይስ አኩኩሉ? አጭር መልስ ይበቃኛል።

ጃንተከል ሥር፦
አጭር መልስ፦ ዶሮዋ አንተ ነህ። በዓል ሳይደርስ ሩጥ።

የአዘዞዋ፦
አይ የዘንድሮ ልጅ። እኛ አኩኩሉ ነው የምንለው። ዓይኑን የጨፈነው ግድግዳ ላይ ተደፍቶ «አኩኩሉ!» ይላል፣ ገና ያልተደበቀ ካለ «አልነጋም!» ብሎ ይመልሳል፣ እንደገና «አኩኩሉ!»፣ እንደገና «አልነጋም!»፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ሲይዝ «ነጋ!» ይባላል ያኔ ፍለጋ ነው። ብልጥ የሆነ ልጅ «አልነጋም» ሲል አፉን በእጁ ከልሎ ፊቱን ወደ ሌላ በኩል አዙሮ ነው፣ ድምፁ ከጓሮ እየመጣ እሱ ጎተራው ሥር ይገኛል። እኔ ወንድሜን ሁልጊዜ የምይዘው በሳሉ ነበር። አሁን ያ ስልክ ላይ ያለው ጌም «አልነጋም» የሚል አለው እንዴ? ከሌለው ምኑ ነው ኩኩሉ፣ አባሮሽ በሉት።

ቀሐ ማዶ፦
እትዬ አመሰግናለሁ፣ ግን ዓይኑን የጨፈነው ራሱ ኩኩሉ ይባላል ወይ ነው ጥያቄዬ።

መምህር ዘቁስቋም፦
ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ነው። አኩኩሉን ሰው ሁሉ የዶሮ ድምፅ ነው እያለ ያልፈዋል። እኔ ግን የምለው ግዕዙ «ኵሉ» የሚለውን አማርኛ «ሁሉ» ብሎ ወስዶታል፣ ይኸ የታወቀ ነው። ታዲያ ዓይኑን የጨፈነው ልጅ «ኵሉ? ኵሉ?» ቢል «ሁላችሁም ተደበቃችሁ?» ብሎ መጠየቁ አይደለም? መልሱም «አልነጋም» ነው፣ ገና ነን ማለት። የጎንደር ልጅ ደግሞ ፊደል የቆጠረው በየደብሩ ቅጥር ነው፣ «ኵሎ አመክሩ ወዘሠናየ አጽንዑ» ሲባል እየሰማ ያደገ ልጅ ኵሉን ከጨዋታው ቢያስገባው ምን ይገርማል።

ጃንተከል ሥር፦
«ሁሉን መርምሩ መልካሙን ያዙ።» እውነትም ድብብቆሽ ነው እኮ። ሁሉን ጓዳ መርምሮ የተገኘውን መያዝ።

ፊደል ቆጣሪ፦
የኔታ ይፍቱኝ፣ አልዋጠልኝም። አንደኛ ኵሉ ውስጥ ያለው ካዕብ ኩ አይደለም፣ ዲቃላው ኵ ነው፣ ልጆቹ ደግሞ ሁለቱንም ጥርት አድርገው ኩኩ ነው የሚሉት። ሁለተኛ መልሱን እንይ እንጂ። «ሁላችሁም?» ተብሎ የተጠየቀ «አልነጋም» ብሎ ይመልሳል? «አልነጋም» ትርጉም የሚሰጠው የጠየቀው ዶሮ ከሆነ ብቻ ነው። ዶሮ ጮኸ፣ ነግቷል እያለ ነው፣ የተደበቁት ዋሽተሃል አልነጋም ይሉታል። ልጅ ሁሉ የገባው ነገር ነው፣ ለምን ግዕዝ ቤት ድረስ እንሄዳለን።

መምህር ዘቁስቋም፦
ዶሮ ከሆነ ግዕዙ «ነቀወ ዶርሆ» ነው የሚለው። ከነቀወ ኩኩሉ የሚወጣው በየት በኩል ነው?

ፊደል ቆጣሪ፦
በየትም አይወጣም፣ መውጣትም የለበትም። ነቀወ ግሥ ነው፣ ኩኩሉ ድምፅ ነው። ድመት ሚያው ስትል ከምን ግሥ ወጣ ይባላል?

ላይ ቤት ታች ቤት፦
ቆይ ቆይ፣ ጥሩ ነገር ነካችሁ። ነቅሀ፣ ነቃ ሆነ። ነግሀ፣ ነጋ ሆነ። ቀ እና ገ ደግሞ ጎረቤት ናቸው፣ ሁለቱም ከጉሮሮ ደጅ ነው የሚወጡት። እኔ የምጠረጥረው ድሮ መልሱ «አልነቃም» ነበር፣ ልጆች ናቸው ወደ «አልነጋም» የገለበጡት። የተደበቀው ልጅ ተኝቻለሁ ገና አልነቃሁም እያለ ነው። አስቡት።

መምህር ዘቁስቋም፦
ነቅሀ እና ነግሀ አንድ ናቸው የሚል ሰው ጸሎተ ነግህን የመንቂያ ጸሎት ሊለው ነው?

ላይ ቤት ታች ቤት፦
ተኝቶ የሚጸልይ አለ እንዴ የኔታ? ነቅቶ ነው እንጂ።

ፊደል ቆጣሪ፦
ቀልዱ ጥሩ ነው ግን ሥሩ አይገናኝም። ነቅሀ እና ነግሀ መጨረሻቸው አንድ ዓይነት ሀ ነው፣ አማርኛ ሲደርሱ ሁለቱም ሀን ጣሉና ነቃ ነጋ ብለው ተመሳሰሉ። ከዚያ ወዲያ ዝምድና የላቸውም። «አልነቃም» የሚል ልጅ የሰማ ካለ እጁን ያውጣ።

የአዘዞዋ፦
እኔ አልሰማሁም። ዶሮ ጭራ ጭራ አወጣች ካራ አሉ፣ ተዉት ይልቅ።

ማራኪ ኮድ፦
እኔ ግዕዙን ለየኔታ ትቼ በሌላ በኩል ልግባ። ጥያቄው ስለ ስም ዝውውር ይመስለኛል። የመንደር ጨዋታ ኮምፒውተር ላይ ሲወጣ ስሙን ብቻ ይዞ የሚሄድ አለ፣ ሕጉን ብቻ ይዞ የሚሄድ አለ፣ ሁለቱንም ይዞ የሚሄድ ጥቂት ነው። ይኸ አዲስ ነገርም አይደለም፣ በ1952 ካምብሪጅ ውስጥ ኤድሳክ በሚባለው ኮምፒውተር ላይ የተሠራው ጌም እኮ ልጆች ወረቀት ላይ ሦስት በሦስት አድርገው ኤክስና ኦ የሚጽፉባት ጨዋታ ናት፣ በኋላም ኦኤክስኦ ተባለ። በሌላ በኩል ፖክሞንን የጀመረው ሳቶሺ ታጂሪ ልጅ ሆኖ ነፍሳት እያደነ ይሰበስብ ነበር፣ ጌሙ የመጣው ከዚያ ነው፣ ስሙ ላይ ግን ነፍሳት የሚል ነገር የለም፣ «ፖኬት ሞንስተር» አጥሮ ነው። ኩኩሉ ደግሞ የመጀመሪያው ዓይነት ነው፣ ስሙን ወሰደ፣ ድብብቆሹን ተወ፣ ዶሮዋን ብቻ አስቀረ። ስለዚህ ለዚያ ልጅ ኩኩሉ ማለት ዶሮዋ ብትሆን አልተሳሳተም፣ እሱ ያየው ኩኩሉ ያ ነው።

ጃንተከል ሥር፦
የሠሪዎቹ ስም ራሱ ቅኔ አይደል። ሰሙ ዶሮ፣ ወርቁ ድብብቆሽ። የተደበቀው ድብብቆሹ ነው።

መምህር ዘቁስቋም፦
ይኸ የመጀመሪያው ደህና ኮሜንትህ ነው።

ማራኪ ኮድ፦
እነሱው ገበጣም አላቸው። እሱ ስሙንም ጨዋታውንም ይዟል። ችግሩ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ጣ እና ታ አንድ ሆኑና ጓደኛዬ ስልኬ ላይ አይቶ «ገበታ ምንድነው፣ ምግብ ማዘዣ ነው?» አለኝ።

ጃንተከል ሥር፦
ገበታ ለሀገር መስሎት ይሆናል፣ ጎርጎራን በስልክ ሊጎበኝ።

ላይ ቤት ታች ቤት፦
ግን እኮ አንድ ቃል ሊሆኑ ይችላሉ። ገበጣው የሚቀረጸው ሳንቃ ላይ ነው፣ ገበታም ሳንቃ ነው። ፊደል ሲማሩ ገበታ ሐዋርያ ይባል የለም?

ፊደል ቆጣሪ፦
አንተ ሰውዬ ዛሬ ሁለት ቃል ባየህ ቁጥር ልታጋባ ነው የመጣኸው። ጣ ጠንካራ ድምፅ ናት ዝም ብላ ታ አትሆንም። እኔ ገበጣ ውስጥ የማየው ጉድጓዱን፣ ጎበጥ ያለውን፣ ጎባጣውን ነው። ሳንቃ በሌለበት እረኛ መሬት ቆፍሮ ይጫወት የለም?

ላይ ቤት ታች ቤት፦
አሃ፣ አንተ ስታጋባ ምርምር ነው እኔ ሳጋባ ጠለፋ። ገ ግዕዝ ጎ ሳብዕ፣ ያንተስ በምን ሕግ ነው?

የአዘዞዋ፦
ጎባጣ ወደ ውጭ ነው ልጄ፣ ገበጣ ወደ ውስጥ ነው። ጉድጓድ ጎባጣ አይባልም ጎድጓዳ ነው የሚባለው።

ጃንተከል ሥር፦
እትዬ ገላገሉን። ፊደል ቆጣሪ ጠጠሩ ተበላ።

ማራኪ ኮድ፦
ሃሃሃ። በነገራችን ላይ ዓለም የገበጣን ዓይነት ጨዋታ ማንካላ የሚለው ከዓረብኛው ነቀለ ነው የመጣው፣ ከቦታ ወደ ቦታ ማዛወር ማለት ነው። ጠጠሩን ከአንዱ ጉድጓድ አንስቶ ሌላው ላይ መበተን።

መምህር ዘቁስቋም፦
ነቀለ የእኛም ነው። ችግኝ ሲነቀል ከቦታው ተነሣ ማለት አይደለም? ዓረብኛው ማዛወሩን ያዘ፣ እኛ መንቀሉን ያዝን።

ፊደል ቆጣሪ፦
ከየኔታ ጋር ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማማሁ፣ ሦስቱም ፊደላት ልክ በልክ ናቸው። ይመዝገብልኝ።

ቀሐ ማዶ፦
ጥያቄዬ ዓረብ አገር ደረሰ እንግዲህ። እናቴ ምን አሉ እያለች ነው።

ማራኪ ኮድ፦
አንድ ነገር ልጨምርና እመለሳለሁ። የገበጣ ዘመድ የሆነ አዋሪ የሚባል የምዕራብ አፍሪካ ጨዋታ አለ፣ በ2002 አምስተርዳም ያሉ ተመራማሪዎች ሊደርስ የሚችለውን አቀማመጥ ሁሉ፣ ወደ 889 ቢሊዮን የሚሆን፣ በኮምፒውተር አስልተው ጨረሱት። ሁለቱም ሳይሳሳቱ ከተጫወቱ ውጤቱ እኩል ለእኩል ነው።

የአዘዞዋ፦
እኩል ለእኩል ከሆነማ ምን አደከማቸው። ባይሆን እኔን ቢጠሩኝ ከሁለቱ አንዳቸው ይሸነፉ ነበር። ለመሆኑ ልጄ ስልኬ ላይ ማንካላ ብሎ የጫነልኝ ለምንድነው ጠጠሬ አልቆ ሲያርፍ የሚያቆመኝ? ጠጠር ካለበት ጉድጓድ ካረፍኩ እሱን አፍሼ እቀጥላለሁ እንጂ፣ ባዶ እስካገኝ ድረስ። ግራና ቀኝ ደግሞ እንደ ጎተራ ትልልቅ ጉድጓድ አለው፣ እዚያ ውስጥ ጠጠር ሲጥል አየሁት፣ የምን ግብር ነው?

ማራኪ ኮድ፦
እትዬ እሱ ካላህ የሚባለው ነው፣ ባለፈው ምዕተ ዓመት አሜሪካ ውስጥ ዊልያም ጁሊየስ ቻምፒየን የሚባል ሰው አዘጋጅቶ የሸጠው። በ1960ዎቹ ኮምፒውተር ላይ ስለተሠራ ነው ስልክ ላይ ማንካላ ስትሉ ብዙውን ጊዜ እሱ የሚመጣው። ጎተራውም ከእሱ ነው። የእኛው አፍሶ መቀጠል እሱ ላይ የለም።

የአዘዞዋ፦
አፍሶ መቀጠል ከሌለ ጣዕሙ ምኑ ላይ ነው። አባቴ አንዴ ከጀመረ ዞሮ ዞሮ እኛ ቡና ጠጥተን እስክንነሣ ድረስ እጁ አይቆምም ነበር፣ መሃል ላይ ሲቀናው «ላም ወለደች!» ብሎ ይጮሃል፣ ጎረቤት እውነት መስሎት ይመጣል።

ላይ ቤት ታች ቤት፦
ስልክ የማይችለው ጨዋታ ከተነሣ ሠንጠረዥስ? የድሮው የእኛ ሠንጠረዥ ሲጀመር ወረራ አለው፣ ተራ የለም፣ ሁለቱም በየፊናቸው እጃቸው የፈቀደውን ያህል ያንቀሳቅሳሉ፣ አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ። ስልክ ላይ ያለው ቼዝ ግን ተራህን ጠብቅ ይልሃል። የእኛን የሚመስለው ይልቅ እነዚህ ልጆች ጌም ቤት ጦር የሚያሰልፉበት ነው፣ ቀድሞ ጣት ያለው ያሸንፋል።

ፊደል ቆጣሪ፦
ስሙም ከዓረብኛ ሸጠረንጅ ነው፣ እሱም ከሳንስክሪት ቻቱራንጋ፣ አራት ክፍል ያለው ጦር ማለት። ስለዚህ ሰንጠረዥ በእሳቱ ሰ ብትጽፈው ደስ ይለኛል። ባዕድ ቃል ነው፣ ቀላሉ ሰ ይበቃዋል።

መምህር ዘቁስቋም፦
በንጉሡ ሠ ነው የሚጻፈው።

ፊደል ቆጣሪ፦
ማስረጃ?

መምህር ዘቁስቋም፦
ንጉሥ ያለበት ጨዋታ ነዋ።

ጃንተከል ሥር፦
ክርክሩ ተዘጋ።

ፊደል ቆጣሪ፦
አልተዘጋም! ፈረስ አለበት ተብሎ በምን ሊጻፍ ነው? ፊል አለ፣ ደር አለ፣ ፈርዝ አለ፣ ወታደሩ መደቅ አለ። ንጉሥ ስላለ በንጉሡ ሠ ከተባለ መደቁ ስምንት ነው፣ በድምፅ ብልጫ በመ ይጻፋላ።

ላይ ቤት ታች ቤት፦
እኔ በየኔታ ነኝ። ሸጠረንጅ ላይ ያለው የዓረብ ሺን እኮ ነው፣ ሺን ደግሞ ቅርጿን እዩአት፣ ባለ ሦስት ጣት። ንጉሡ ሠ ስንት ጣት አለው?

ፊደል ቆጣሪ፦
ጣት በመቁጠር ነው ሥርወ ቃል የሚገኘው አሁን?

መምህር ዘቁስቋም፦
አንተ ፊደል ቆጣሪ ነህ፣ እሱ ጣት ይቁጠር። ለማንኛውም መሥሪያ ቤት «ሠንጠረዡን ሙላ» ብለው ወረቀት ሲሰጡኝ በንጉሡ ሠ ነበር የተጻፈው።

የአዘዞዋ፦
የኔታ ያን ወረቀት የጻፈችው የእኔ ልጅ ብትሆንስ፣ ኪቦርዱ ላይ ቀድሞ የመጣላትን ነው የምትጽፈው።

ቀሐ ማዶ፦
እሽ። ልጁን ራሱን ጠየቅኩት «ኩኩሉ አንተ ነህ ማለት ምንድነው» ብዬ። «ተራህ ነው ማለት ነው፣ ግን ዶሮም ነህ» አለ። ይኸ እንደ መልስ ይቆጠራል?

ፊደል ቆጣሪ፦
ሕፃን ምስክር አይሆንም። የኔታ፣ ያ የመሥሪያ ቤት ወረቀት እጅዎ ላይ ካለ ፎቶ አንሥተው ይላኩልኝ፣ ሠ መሆኑን በዓይኔ ካላየሁ አላምንም።