ዘጌ ያለችው የአያቴ ዕቃ ቤት ትፍረስ ወይስ ትጠገን?

የጣና ልጅ፦
ሰላም ወገን። ጣና ሐይቅ ዳር፣ ዘጌ፣ አያቴ ግቢ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ በድንጋይና በጭቃ የተሠራች ክብ ቤት አለች። እኔ ሳድግ የፍየል ቤት ነበረች። እናቴ ደግሞ በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ፊደል የቆጠርኩት እዚያ ነው ትላለች። አሁን ማገዶ ይከመርባታል። ወንድሜ አፍርሶ ለቱሪስት የሚከራይ ክፍል ሊሠራበት ነው። እኔን የከነከነኝ መጀመሪያ ለምን እንደተሠራች ነው። የእህል ቤት ናት እንዳልል ግቢው ውስጥ አውድማ አይቼ አላውቅም፣ ውስጧ ደግሞ ከመሬት ክንድ ያህል ከፍ ያለ የእንጨት ርብራብ አለ።

የዘጌ ሰው፦
አውድማ ከየት ይምጣ ወንድሜ! ዘጌ በሬ አይጠመድም። አባቶች የአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን ነው ይላሉ፣ ጫካውም የተረፈው ለዚሁ ነው። የእኛ ሰው ቡናና ጌሾ በታንኳ ይዞ ይወጣል፣ ሸጦ እህል ይገዛል። ስለዚህ ያቺ የቡና ቤት ናት (ቢራ የሚሸጥባት አላልኩም ሃሃ)። ርብራቡ ጀንፈሉን፣ ማለት ከነገለባው የደረቀውን ቡና፣ እርጥበት እንዳያሻግተው ነው።

ግንበኛው፦
ግድግዳው ካልዘመመ አታፍርሱ። ግን አደራ፣ በሲሚንቶ እንዳትለስኑት። ጭቃ እርጥበት ያስወጣል፣ ሲሚንቶ ግን ውስጥ ያፍነዋል፣ ከዚያ ውስጡ ይላላና ድንጋዩ ሆዱን ነፍቶ ይወጣል፤ ስንቱን ቤት እንዲህ ሆኖ አይቻለሁ። ጭቃውን ከጭድ ጋር አቡክታችሁ ጥቂት ቀን አሰንብቱት። ጭዱን መቼም እንደ እህሉ ከማዶ ነው የምታስመጡት። ምሰሶውን ደግሞ በመጥረቢያ ጀርባ መታ መታ አድርገህ ስማው፣ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ምስጥ ገብቶበታል።

ባሕር ዳሬዋ፦
መምከር ቀላል ነው፣ ወጪውን ማን ይችላል? ወንድምየውም እንጀራ ፈልጎ ነው። ግን የቆርቆሮ ክፍል እኮ ባሕር ዳር ሞልቷል። ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ሊያይ በጀልባ የመጣ እንግዳ እዚያችው ቤት ውስጥ የዘጌ ቡና ቢፈላለት አይሻልም?

የጣና ልጅ፦
አሁን እናቴ ጋ ደወልኩ። «አዎ፣ የጀንፈል ማስቀመጫ ነበረች» አለችኝ። ምነው እስከ ዛሬ ሳትነግሪኝ ብላት «መቼ ጠየቅኸኝ!» ወንድሜ ግን ስልክ አያነሳም።