የእሑዱ ስብሰባ፦ የአየር ንብረት ትምህርት ወይስ የፍሳሽ ቱቦ?

ሰብሳቢው፦ የልደታ ኮንዶሚኒየም ጎረቤቶቼ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የአየር ንብረት ለውጥ በጤና ላይ ስለሚያመጣው ጣጣ በእሑዱ ስብሰባ ለአንድ ሰዓት ላስተምራችሁ ብላለች። ምን ትላላችሁ?

ጡረተኛው መምህር፦ እኔ አልስማማም። ከብሎካችን ጀርባ ያለው የፍሳሽ ቱቦ ከሐምሌ ጀምሮ እየገነፈለ፣ ልጆቻችን ዘለውት ነው ትምህርት ቤት የሚሄዱት። ያቺ አንድ ሰዓት ለቱቦው ትዋል። ኮሌራ የሚመጣው ከተበከለ ውኃና ምግብ ነው። «የአየር ንብረት ነው» ማለት ሥራውን ላልሠራ ሁሉ መደበቂያ ሆኗል።

ነርሷ፦ ጋሼ፣ ቱቦው ይጠገን በሚለው እስማማለሁ። ነገር ግን እርስዎ የለያዩት አንድ ጉዳይ ነው፤ ቱቦው የሚገነፍለው ዝናቡ ዶፍ ሆኖ ሲወርድ አይደለም እንዴ? ወባንም ይጨምሩበት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ወባ አያሰጋንም ስንባል ነው ያደግነው። የወባ ተሕዋስ በትንኟ ሆድ ውስጥ ዕድገቱን ለመጨረስ ሙቀት ይፈልጋል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ብርዱ ይቀድመዋል። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ግን በደብረ ዘይት አካባቢ ሞቅ ባሉ ዓመታት ወባ ወደ ከፍታው እንደሚወጣ አሳይቷል። ደብረ ዘይት ደግሞ ሩቅ አገር አይደለም።

ተማሪው፦ በ2022 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ ላይ የተነሣው የወባ ወረርሽኝስ? በ2027 የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ እዚሁ ከተማችን ሊካሄድ፣ እኛ ስለ ቱቦ እንጨቃጨቃለን!

ጡረተኛው መምህር፦ ልጄ፣ ሁሉንም በአንድ ከረጢት አትክተት። ድሬዳዋን ያስቸገረችው ስቴፈንሲ የተባለች ትንኝ የእስያ ዘር ናት፤ ከዚያ ተሻግራ መጣች እንጂ ሙቀት አልወለዳትም። እንግዳ ይመጣል ተብሎ ሳሎን ብቻ ሲጠረግም ብዙ አይቻለሁ።

ነርሷ፦ እዚህ ላይ ልክ ነዎት። ግን የት ነው የምትፈለፈለው? እሷ እንደ ሌሎቹ ረግረግ አትፈልግም፤ ክዳን የሌለው በርሜልና ሮቶ ይበቃታል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ብሎክ ደግሞ የማያጠራቅም ቤት የለም።

ጡረተኛው መምህር፦ እንግዲያው ግማሽ ሰዓት። ያውም ቱቦው አጠገብ ቆመን፤ ወንበር አይዘርጋ።

ነርሷ፦ ይሁን። ከደረጃው ሥር ካሉት ስድስት በርሜሎች የሁለቱ ክዳን የለም። አንደኛው የእርስዎ ነው፣ ጋሼ።