ስኳር ላለባት እናት «ስኳር» መላክ፦ ይሁን ወይስ ይቅር?

የሜሪላንዷ፦ ቤተሰብ፣ እስቲ አንድ ነገር ፍረዱኝ። እማዬን ስኳር ከያዛት 11 ዓመት ሆነ። አዲስ አበባ ናት። ቡና ያለ ስኳር አይወርድላትም፤ ሦስት ማንኪያ! በሚቀጥለው ሳምንት በሚሄድ ሰው ሁለት ኪሎ አሉሎስ የሚባል የስኳር ምትክ ልልክላት ነበር። ወንድሜ ግን «ልብ የሚያቆም ነገር ነው፣ እንዳትልኪ» ብሎ ቤቱን አናወጠው። ማን ነው ልክ?

ቡና በጨው፦ ወንድምሽ ነዋ! በ2023 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካው ክሊቭላንድ ክሊኒክ ተመራማሪዎች ኔቸር ሜዲስን የሚባል የሳይንስ መጽሔት ላይ ያወጡትን አልሰማሽም? ደማቸው ውስጥ ኤሪትሪቶል የሚባለው አጣፋጭ በብዛት የተገኘባቸው ሰዎች በልብ ሕመምና በስትሮክ የበለጠ ተጠቅተዋል። በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅትም «ክብደት ለመቀነስ ብላችሁ አጣፋጭ አትጠቀሙ» አለ። እናትሽ ላይ ነው ሙከራ የምትሠሪው?

ነርሷ፦ ቆይ ቆይ፣ ሁሉንም አንድ ድስት ውስጥ አትክተተው። ጥናቱ ስለ ኤሪትሪቶል ነው፤ እሷ የምትልከው አሉሎስ ነው። ኤሪትሪቶልን ደግሞ ሰውነታችን ራሱም በጥቂቱ ይሠራል። ስለዚህ ደም ውስጥ የተገኘው ሁሉ ተበልቶ የገባ አይደለም። እርግጥ 30 ግራም የጠጡ ስምንት ጤነኛ ሰዎች ደም ውስጥ ከሁለት ቀን በላይ ከፍ ብሎ ቆይቷል። ይቺ እኔንም ታሳስበኛለች። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ግን እነ አስፓርቴምንና ስቴቪያን እንጂ ዝቅተኛ ካሎሪ ያላቸውን ስኳሮችና እነ ኤሪትሪቶልን አይነካም። ስኳር ቀድሞ ያለባቸውን ሰዎችም አይመለከትም። ርዕስ አንብቦ መሮጥ ለመደብን!

ቡና በጨው፦ እሺ፣ አሉሎስስ ምንድን ነው? ስሙ የቀለም ይመስላል።

የወንጂ ልጅ፦ ስኳር ነው፣ የምሬን። በለስና ዘቢብ ውስጥ በጣም በትንሹ አለ። የፍሩክቶስ (የፍራፍሬው ስኳር) ወንድም በለው፤ ቅርጹ ትንሽ ስለሚለይ ሰውነት አያቃጥለውም፣ አብዛኛው በሽንት ይወጣል። አንድ ግራም ስኳር 4 ካሎሪ ካለው እሱ 0.4 ገደማ ነው። ጣዕሙ የስኳርን 70 በመቶ ያህል ይጣፍጣል። በጃፓን ካጋዋ ዩኒቨርሲቲ ኬን ኢዙሞሪ የሚባሉ ፕሮፌሰር ናቸው ፍሩክቶስን ወደ አሉሎስ የሚቀይረውን ኢንዛይም ያገኙት። ዛሬ ፋብሪካዎች የበቆሎ ስታርች ወደ ግሉኮስ፣ ከዚያ ወደ ፍሩክቶስ ይቀይሩና ኢንዛይሙን ይለቁበታል። ችግሩ፣ ኢንዛይሙ ሲሶውን ያህል ቀይሮ ይቆማል። የቀረውን እየለዩ መመለስ ነው ገንዘብ የሚበላው። የተወደደውም ለዚህ ነው። ግን እኔ የምለው፣ ወንጂ ከ1954 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ስኳር እያመረተ ነው። እኛስ ለምን አንሠራውም?

ቡና በጨው፦ ወንድሜ፣ ተራውን ስኳር ሸማቾች ሱቅ ተሰልፈን መች ጠገብን? በቆሎውም መጀመሪያ ለገንፎው ይድረስ።

የወንጂ ልጅ፦ ሃሃ፣ ይቺን ዋጥኳት።

ስቶክሆልም ነኝ፦ እኛ ጋ አሉሎስ ሱቅ አታገኙም፤ የአውሮፓ ኅብረት አልፈቀደውም። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ደግሞ በ2019 መለያው ላይ ከጠቅላላ ስኳር ጋር እንዳይደመር ፈቀደ። ሁለቱም ሳይንቲስት አላቸው፤ እማዬ የትኛውን ትስማ? እኔ «ስቴቪያ» ብዬ የገዛሁትን ገልብጬ ባየው መጀመሪያ የተጻፈው ኤሪትሪቶል ነው። ስቴቪያው ጥግ ላይ በማጉያ መነጽር ይፈለጋል። አፍ ውስጥ እንደ ሚንት ሲቀዘቅዘኝ የከረመው ለካ እሱ ነው!

ነርሷ፦ አልተፈቀደም ማለት መርዝ ነው ማለት አይደለም፤ «ማስረጃው አልበቃኝም» ማለት ነው። ሲበዛ ግን ሆድ ይነፋል፣ ያስቀምጣል። አንድ የኮሪያ ጥናት በአንድ ጊዜ ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ0.4 ግራም እንዳይበልጥ ይላል። 60 ኪሎ ለሆነች ሴት 24 ግራም መሆኑ ነው። እና ከቡናው ጋር የሚቀርበውን ዳቦስ ማን ቆጠረው?

ዝምተኛዋ፦ የአባቴን ልንገራችሁ። ኢንሱሊን ይወጋል። እህቴ አሉሎስ ላከችለትና የስኳሩን ጣሳ በእሱ ሞላነው። አንድ ማለዳ የደሙ ስኳር ወረደ። ላብ በላብ ሆነ፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። ሠራተኛችን ሮጣ ሻይ በአራት ማንኪያ አጠጣችው። ምንም ለውጥ የለም። ሌላ አራት ማንኪያ። አሁንም ምንም! እኔ ስደርስ ጣሳውን አይቼ ክው አልኩ፤ ለካ ስታጠጣው የነበረው አሉሎስ ነው፣ እሱ ደግሞ የደም ስኳር አያነሳም! ከጎረቤት ለስላሳ ለምነን፣ ያውም ከነስኳሩ መሆኑን አይተን፣ እሱን ጠጥቶ ነው የተመለሰው።

የሜሪላንዷ፦ ኧረ በስመ አብ! እማዬም እኮ ኢንሱሊን ትወጋለች። ይሄን ማንም አልነገረኝም።

ነርሷ፦ ላኪላት። ግን አንድ ኪሎ ይበቃል፤ ሐኪሟም ይወቅ። የራሱ ጣሳ ይኑረው። እውነተኛው ስኳር ደግሞ ከዚያ ቤት አይጥፋ፣ ለክፉ ቀን።

ቡና በጨው፦ እኔ አሁንም አልተዋጠልኝም። ሦስቱን ማንኪያ ወደ አንድ ብታወርድ ምን ነበረበት? በነጻ!

የሜሪላንዷ፦ አንተ እማዬን አታውቃትም። ለማንኛውም ወንድሜ ጋ ደወልኩ። «ጣሳው ላይ በቀይ እስክሪብቶ ‹ስኳር ሲወርድ አይሆንም› ብለህ ጻፍ» አልኩት። «የሠራተኛዋንም ስልክ ላኪልኝ፣ እሷ ናት የምታፈላው» አለኝ።