ባርሴሎና ልሂድ ወይስ ኮንሶ? ለአርክቴክቶች ጥያቄ አለኝ

ታቦር_ስር (ሐዋሳ)

ሰላም ጎበዝ። አርክቴክት ነኝ፣ ሐዋሳ ውስጥ አንድ ትንሽ አማካሪ ቢሮ ነው የምሠራው። ሥራችን ያው የምታውቁት ነው። ጂ ፕላስ ፎር፣ ጂ ፕላስ ፋይቭ፣ ከታች ሱቅ ከላይ ፔንሲዮን። ባለሀብቱ ሁሉ ሐይቁን የሚያይ ክፍል ይፈልጋል፣ ሐይቁ ደግሞ ያለው በምዕራብ በኩል ነው። ስለዚህ የምዕራቡን ፊት ከላይ እስከ ታች መስታወት እናለብሰዋለን፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እንግዳው ክፍሉ ውስጥ ይቀቀላል።

ሰልችቶኛል። ጥሩ ሥራ በዓይኔ አይቼ መማር እፈልጋለሁ። የዓለም አቀፉ አርክቴክቶች ኅብረት በየሦስት ዓመቱ የሚያካሂደው ጉባኤ በሰኔ 2018 ባርሴሎና ነው። ትንሽ ገንዘብ ቆጥቤአለሁ፣ ግን ቲኬቱ፣ ሆቴሉ፣ ምዝገባው ሲደመር ራስ ያዞራል። በሌላ በኩል ጓደኞቼ በሚኒባስ ወደ ደቡብ የጥናት ጉዞ እናድርግ እያሉ ነው። እውነቱን ንገሩኝ፣ እነዚህ ጉባኤዎች ይጠቅማሉ ወይስ ለፎቶ ናቸው?

ያላለቀ_ሴክሽን (አዳማ)

ደቡብ አፍሪካ፣ ደርባን ሄጄ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2014። ጉባኤው ከሰሃራ በታች ሲካሄድ ያኔ የመጀመሪያው ነበር። እውነት ለመናገር አዳራሽ ውስጥ የሰማሁትን አብዛኛውን ረስቼዋለሁ፣ ስላይድ በስላይድ ላይ ነው የሚደራረበው። ያልረሳሁት ዋሪክ ጃንክሽን የሚባለውን ሰፈር ነው። ተጀምሮ የቀረ የአውራ ጎዳና ድልድይ አለ። እሱ ላይ ለባህል መድኃኒት ሻጮች ገበያ ሠርተውላቸዋል፣ ያውም ከነጋዴዎቹ ጋር ቁጭ ብለው ተነጋግረው፣ ማን የት እንደሚቀመጥና ጥላው ከየት እንደሚመጣ አብረው አስበው። እዚህ አዳማ ጉልት የሚሸጡት እናቶች በተነሱ ቁጥር ያ ድልድይ ትዝ ይለኛል።

ስለዚህ መልሴ ይጠቅማል ነው፣ ግን ለአዳራሹ ብለሽ አትሂጂ። ፕሮግራሙ ሲወጣ መጀመሪያ የሕንፃ ጉብኝቶቹን እዪ፣ ቶሎ ይሞላሉ። ባርሴሎና ደግሞ በእግር የሚታይ ከተማ ነው። ሴርዳ የሚባለው መሐንዲስ በ1859 (እ.ኤ.አ.) የነደፈው ማስፋፊያ አለ፣ የእያንዳንዱ ብሎክ ጥግ ተቆርጦ መስቀለኛ መንገዱ ሁሉ ሰፊ አደባባይ ሆኗል። ሐዋሳም ቀጥ ባሉ መንገዶች የተቀየሰች ከተማ ናት፣ ለአንቺ ከዝነኛው አርክቴክት ከጋውዲ ሕንፃዎች ይልቅ ይሄኛው ይጠቅምሻል ባይ ነኝ። የሸንገን ቪዛ ቀጠሮ ግን አሁኑኑ ያዢ። ስንቱ ሰው ምዝገባ ከፍሎ ቪዛ ሳይደርስለት ቀረ መሰለሽ!

ባለቀርከሃ

እኔ አልስማማም። ኮንሶን ያላየ አርክቴክት ባርሴሎና ምን ሊያደርግ ይሄዳል? ይቅርታ፣ ቀጥተኛ ሰው ነኝ።

የኮንሶን እርከንና በካብ የተከበቡ መንደሮች ዩኔስኮ በ2011 (እ.ኤ.አ.) በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። ሃያ አንድ ትውልድ የሠራው ነው፣ ከ400 ዓመት በላይ። ድንጋይ በድንጋይ ላይ፣ ሲሚንቶ የለ፣ ጭቃ የለ። የእርከኑ ካብ አንዳንድ ቦታ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። እኛ ሁለት ሜትር ሪቴይኒንግ ዎል፣ ማለትም አፈር የሚደግፍ ግድግዳ፣ በኮንክሪት ሠርተን ለዝናብ ውሃው መውጫ ረስተን በዓመቱ ሲያብጥ እናያለን፣ እነሱ ዘንድ ግን ውሃው በድንጋዩ መሃል ራሱ ሾልኮ ይወጣል። መንደሩ ሲሞላ ደግሞ ሌላ ካብ ከውጭ ይጨምሩበታል። መሃል ላይ ሞራ አለ፣ የጋራ ቤትና አደባባይ ነው፣ ሽማግሌ የሚዳኝበት፣ ወጣቱ የሚያድርበት። ማስተር ፕላን ማለት እንግዲህ ይሄ ነው።

በዚያው መንገድ ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ ውጡና የዶርዜን ቤት እዩ። ቀርከሃ እንደ መሶብ ተሰፍቶ ነው የሚቆመው። ከሥሩ ምስጥ ሲበላው ቤቱ ቀስ እያለ ያጥራል፣ ስለዚህ ገና ሲሠራ ረጅም ያደርጉታል። ካስፈለገም ሰው ተሰብስቦ ተሸክሞ ቦታ ይቀይረዋል። ቁሱ እንደሚበላ አስቀድሞ አስቦ የሚሠራ ባለሙያ ከእኛ ስንቱ ነው?

አንድ ነገር ግን ልለምናችሁ። በቀን አምስት ቦታ እናዳርስ አትበሉ። አንድ ቤት ምረጡ፣ ባለቤቱን አስፈቅዱ፣ ሜትርና ወረቀት ይዛችሁ ለኩ፣ ፕላንና ሴክሽን (ቤቱ ከላይ ወደ ታች ተቆርጦ ሲታይ) በእጅ ሣሉ። ፎቶ ብቻ አንስቶ የተመለሰ ሰው ምንም አላየም።

ኮላም_ቢም

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ግን አዲስ አበባን ዘለላችኋት። አፍሪካ አዳራሽ አርቱሮ ሜዘዲሚ ነድፎት በ1961 (እ.ኤ.አ.) ተመርቆ፣ የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል ያለበት፣ ታድሶ በ2024 እንደገና ተከፍቷል። ለእድሳት ትምህርት ከዚህ የተሻለ እዚህ አገር አላውቅም። የተባበሩት መንግሥታት ግቢ ስለሆነ ዝም ተብሎ አይገባም፣ በቡድን ሆናችሁ ቀድማችሁ ደብዳቤ ጻፉ።

የክፍሉን ሙቀት በተመለከተ ደግሞ አርክቴክቱ ፍራንሲስ ኬሬ የሠራውን የጋንዶ ትምህርት ቤት አጥኚ። ቡርኪናፋሶ ነው፣ ከኛ የባሰ ሙቀት። ቆርቆሮውን ከኮርኒሱ ለይቶ ከፍ አድርጎ ሰቀለው፣ ከሥሩ ያለው የሸክላ ኮርኒስ ቀዳዳ ስላለው የሞቀው አየር በመሃል ይወጣል። በ2004 (እ.ኤ.አ.) የአጋ ካን የአርክቴክቸር ሽልማት አገኘ። የዚያ ሽልማት ደስ የሚለኝ ነገር፣ ለመጨረሻ ዙር የደረሰውን ሥራ ለማየት ባለሙያ ቦታው ድረስ ይልካሉ፣ የሚጠቀምበትን ሰው ያነጋግራሉ። እኛ ያስረከብነውን ፔንሲዮን ተመልሰን የጎበኘን ስንቶቻችን ነን?

ግንበኛው

ይቅርታ ልጆች፣ እኔ አርክቴክት አይደለሁም። ሐዋሳና ሻሸመኔ ስሠራ የኖርኩ ፎርማን ነኝ፣ ልጄ አሳይታኝ ነው የማነበው። አንድ ነገር ልጠይቅ። እንዲህ ዓይነት ጉዞ ስትሄዱ እኛን ለምን አትወስዱንም? እናንተ አይታችሁ ትመጣላችሁ፣ ስዕሉ ላይ አዲስ ነገር ታወጣላችሁ፣ ሳይት ላይ ስንደርስ እኔ ያንን ነገር በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ስላላየሁት ደግሞ እንደለመድኩት እሠራዋለሁ፣ ከዚያ ጥሉ ይመጣል። የኮንሶ ካቢ ሲክብ ቆሜ ባየው ድንጋዩን እንዴት እንደሚያነክሰው ይገባኛል። ለእናንተ ያ በስዕል አይታይም።

ሌላው፣ ከሁላና ከአርቤጎና የሚመጣ ቀርከሃ የሚሠሩ የሲዳማ ባለሙያዎች አጠገባችሁ አሉ። እስከ ጨንቻ ሳትደርሱ ከእነሱ ጀምሩ። ውሎ አበላቸውን ግን ክፈሏቸው፣ ሥራ አስፈትታችሁ በምስጋና ብቻ አትሸኟቸው።

ያላለቀ_ሴክሽን (አዳማ)

ጋሼ፣ ይሄን ነገር ደርባን ላይ እንኳን ያነሳው ሰው አልሰማሁም።

ታቦር_ስር (ሐዋሳ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ባለቀርከሃ፣ ንግግርህ ሻካራ ቢሆንም ካቡ ላይ ያልከው ገብቶኛል። ጉባኤውን አልተውኩትም፣ የባርሴሎናው ይለፈኝና ቀጣዩን እጠብቃለሁ፣ እስከዚያ ገንዘቡም ይጠራቀማል። ጉዞውን ከሐዋሳ በሶዶ አድርገን አርባ ምንጭ አድረን፣ ጨንቻ አንድ ሙሉ ቀን፣ ኮንሶ ሁለት ቀን ብለን ይዘነዋል፣ ዝናቡ ካለፈ በኋላ። ሁላን ግን ከዚያ በፊት በአንድ ቅዳሜ ደርሶ መልስ እንጨርሰዋለን።

ጋሼ ግንበኛው፣ ለእርስዎ የፊት ወንበር ይዣለሁ፣ የመኪናውን ድርሻ ቢሮዬ እንዲሸፍን አለቃዬን አናግሬ አሳውቅዎታለሁ። ስልክዎን እዚህ አይጻፉት፣ ልጅዎ በውስጥ መስመር ትላክልኝ። ሌላስ? ኮንሶ ውስጥ መንደር ለመግባት ፈቃድ የሚጠየቀው የት እንደሆነ በቅርብ ሄዶ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።